የደም አጓት ለደረቀ ዓይን

አይብ ያወጣ ሰው ሴረምን ያውቀዋል። አሬራው በዝግታ ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰባል፣ ቢጫ ውሃው ለብቻው ይቀራል፤ አጓት የምንለው እሱን ነው። ሴረም የሚለው የላቲን ቃልም መነሻ ትርጉሙ ይኸው አጓት ነው። ከደም ሥር ተቀድቶ በንጹሕ ብልቃጥ ሳይነቃነቅ የተቀመጠ ደም እንደዚሁ ይሆናል። ቀዩ ይረጋና ይኮማተራል፣ ጠጅ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ከላዩ ይቀራል። ይህ ፈሳሽ በጨው ውሃ ቀጥኖ ወደ ባለቤቱ ዓይን ሲንጠባጠብ፣ ሌላ ጠብታ ያልረዳውን ከባድ የዓይን ድርቀት ያስታግሳል የሚል ሕክምና ከመጣ አርባ ዓመት አልፎታል። ምን ያህል እውነት ነው? ለማንስ ነው? ለእኛ አገር ይሆናል ወይ?

ጥያቄውን ከግምጃ ቤት ሆኖ ማንሳት ግራ ሊመስል ይችላል። የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ያለችው በአማራ ክልል አዊ ዞን ውስጥ ነው። አዊ ደግሞ ክረምቱ የሚረዝምበት፣ ጭቃው ፈረስ የሚፈትንበት አገር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ስለ ድርቀት ማውራት ባሕር ዳር ቆሞ ስለ ውሃ ጥም እንደማውራት ነው። ነገር ግን የዓይን ድርቀት ከሰማዩ ዝናብ ጋር ያለው ዝምድና ትንሽ ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ታማሚው የሚመጣው "ዓይኔ ደረቀ" ብሎ አይደለም። "ያለቅሳል፣ ይቆረቁረኛል፣ አሸዋ የገባበት ይመስለኛል" ይላል። ነፋስ ሲነካው እንባው ይወርዳል። ደርቋል ሲባል ይስቃል ወይም ሐኪሙን ይጠራጠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከላይ ከዓይን ቆብ ጠርዝ የሚወጣ ስስ ቅባት አለው፤ መካከሉ ውሃ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ውሃውን ከዓይን ገጽ ጋር የሚያጣብቅ ልጋግ መሳይ ነገር አለ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሽፋኑ ይቀደዳል፤ የተጋለጠው ኮርኒያ፣ ማለትም በተለምዶ የዓይን ብሌን የምንለው ፊተኛው መስታወት፣ ይቆጣል። ዓይን ሲቆጣ ደግሞ በድንጋጤ ብዙ ውሃ ያፈሳል። ያ ውሃ ቅባትም ልጋግም ስለሌለው ጉንጭ ላይ ወርዶ ይጠፋል። ጣሪያው ሣር የጎደለው ቤት ውስጥ ባልዲ ውሃ እንደ መድፋት ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሽርመር በ1903 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ጫፉ ታጥፎ በታችኛው ዓይን ቆብ ላይ ይንጠለጠላል፤ አምስት ደቂቃ ይጠበቅና እንባው ወረቀቱን ስንት ሚሊ ሜትር እንዳራሰው ይታያል። 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው፤ ከ5 በታች ሲሆን ነገሩ ከባድ ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ወረቀት ዓይኑ ላይ ተንጠልጥሎ የተቀመጠ ሰው ፊት አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ወረቀቱ እንደ ደረቀ ሲወጣ ግን የሚስቅ አይኖርም።

የዓለም ጽሑፎች ስለ ከባድ ድርቀት ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከሾግረን ሕመም ነው። ስሙን ያገኘው በ1933 ስለ ጉዳዩ ከጻፈው ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን ነው። የሰውነት መከላከያ በራሱ የእንባና የምራቅ ዕጢዎች ላይ ይዘምታል፤ ከወንድ ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። ሐኪም እዚህ አገር መጠየቅ ያለበት "በሶ ያለ ውሃ መዋጥ ትችያለሽ ወይ?" የሚል ነው፤ አፍም አብሮ ይደርቃልና። የእኛ አካባቢ የመንስኤዎች ዝርዝር ግን በሾግረን አይጀምርም።

የሚጀምረው በትራኮማ፣ በዓይን ማዝ ነው። በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ የአማራ ክልል ሕፃናት 62.6 ከመቶው ትኩስ ትራኮማ ነበረባቸው። የአገሪቱ አማካይ 40.1 ነበር። ይህ ትውልድ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ እናቶቹና አያቶቹ ደግሞ ከእርሱ በፊት ብዙ ዙር ተይዘው የዳኑም ያልዳኑም ናቸው። ከዚያ ወዲህ በፋይዘር ኩባንያ የሚለገሰው አዚትሮማይሲን ለክልሉ ሕዝብ በዘመቻ ታድሏል፣ ካርተር ሴንተር የተባለው ድርጅትም ከ2001 ጀምሮ ከክልሉ ጋር ሠርቷል፤ የልጆቹ ዓይን ከዚያን ጊዜው ዛሬ በብዙ ይሻላል። የቆየ ጠባሳ ግን በኪኒን አይጠፋም። ትራኮማ የዓይን ቆብን ውስጠኛ ገጽ ጠባሳ ሲያደርግ ልጋጉን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያጠፋል፣ የእንባ መውጫ ቀዳዳዎችን ይዘጋል፣ የቅባት ዕጢዎቹን ያጣምማል። ሦስቱንም የእንባ ክፍል በአንድ ጊዜ የሚመታ ሌላ በሽታ ብዙ የለም። በዚያ ላይ ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። በገጠር ቤት ከመርፌና ክር ጋር ተጠቅልላ የምትቀመጠው ወረንጦ ታሪኩን ትናገራለች፤ እሾህ ለማውጣት የተሠራች ናት፣ ግን ስንት እናት በየሳምንቱ ልጇን በደጃፍ ብርሃን አስቀምጣ "ያችን ፀጉር ንቀይልኝ" ብላለች።

ሁለተኛው የመድኃኒት ቁጣ ነው፤ ስቲቨንስ ጆንሰን ይባላል። ሰውነት ለዋጠው መድኃኒት በጭካኔ ይመልስና ቆዳ፣ አፍና ዓይን ይላጣሉ። ከተጠርጣሪዎቹ ዋናዎቹ ሰልፋ ያለባቸው መድኃኒቶች፣ የሚጥል በሽታ ኪኒኖች፣ ኔቪራፒን የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ናቸው። ኢትዮጵያ እስከ 2004 ድረስ ለወባ የምትሰጠው ፋንሲዳር ሰልፋ ነበረበት። ከዚህ ቁጣ የተረፈ ሰው ቆዳው ይመለስለታል፤ ዓይኑ ግን ዕድሜ ልኩን እንደ ቆላ መሬት ሊቀር ይችላል። ለሴረም ጠብታ ከማንም ቀድሞ የሚታጨው ይህ ሰው ነው።

ሦስተኛው ዳፍንት ነው። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል መጀመሪያ የምሽት እይታ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የዓይን ገጽ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ብሌኑ ይቀልጣል። አባቶች ጉበት ይበላ የሚሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ ይህን በር በአብዛኛው ዘግቶታል። ስለዚህ እዚህ ላይ አልቆይም። ሴረም ውስጥ ግን ይኸው ቫይታሚን ኤ ከእንባ በበለጠ መጠን እንዳለ ይያዝልኝ።

ጭሱንም ሳላነሳ ባልፍ የአዊ ሰው ይታዘበኛል። ፋግታ ለኮማና ባንጃ ወረዳዎች ላይ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ የገበሬውን ኑሮ ለውጧል፤ ማሳው ደን ሆኗል፣ ደኑ ከሰል ሆኖ በጭነት መኪና ይወጣል። እንጨቱ ተደርድሮ በቅጠልና በአፈር ይታፈንና ለቀናት ይጨሳል፤ ጠባቂው አፈሩ የተሰነጠቀበትን እየደፈነ ሌሊቱን ያድራል። ጭስ ብቻውን ከባድ ድርቀት ያመጣል አልልም። ጠባሳ ያለበት ወይም የተቃጠለ ዓይን ያለው ሰው ከዚያ አጠገብ ሲያድር ግን ጠዋት ዓይኑን መግለጥ የሚያቅተው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የጎጆ ውስጥ ምድጃም ያው ነው።

ወደ አጓቱ ልመለስ። ደም ዓይን ላይ ማድረግ የተጀመረው ለድርቀት አልነበረም። በ1975 ራልፍ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በኬሚካል ለተቃጠሉ ዓይኖች የሕመምተኛውን የደም ፈሳሽ በትንሽ ፓምፕ አንጠባጥበዋል። በ1984 ሮበርት ፎክስና ጓዶቹ በአሜሪካ ለሾግረን ታማሚዎች ከራሳቸው ሴረም የተሠራ እንባ ሰጥተው መልካም ውጤት ጻፉ። ጉዳዩ ዓለም አቀፍ የሆነው ግን በ1999 ጃፓናዊው ካዙኦ ጹቦታ 20 ከመቶ ሴረም ተጠቅሞ ያገኘውን ካሳተመ በኋላ ነው። ለምን 20? ሴረም ውስጥ ያለ አንድ የዕድገት ንጥረ ነገር ከእንባው በአምስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ሲበዛ ደግሞ የቁስል መሻርን ያዘገያል ተብሎ ስለተፈራ አንድ እጅ ሴረም በአራት እጅ የጨው ውሃ እንዲቀጥን ሆነ። እንግሊዞች ግን 50 ከመቶ ይሰጣሉ። ጭራሽ ሳያቀጥኑ የሚሰጡም አሉ። ሃያ ከመቶው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

ፋርማሲ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ እንባ ምንም ቢሻሻል ዋና ሥራው ማርጠብ ነው። ሴረም የሚጠግን ነገር አለው፤ የዓይን ገጽ ሕዋሳት እንዲያድጉ የሚገፉ ንጥረ ነገሮች፣ አልቡሚን፣ ቫይታሚን ኤ፣ ጀርም የሚዋጋ ላይሶዛይም። ተፈጥሯዊ እንባ ውስጥ ያሉት እነዚሁ ናቸው። የአሲድነት ልኩም ከእንባ ጋር ይቀራረባል። በዚያ ላይ መከላከያ ኬሚካል የለበትም። ብዙዎቹ የዓይን ጠብታዎች እንዳይበላሹ የሚጨመርባቸው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ በቀን አሥር ጊዜ ሲንጠባጠብ የተጎዳን ብሌን ራሱ ይጎዳል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ባዘወተረ ቁጥር የሚብስበት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ በሐሳብ ደረጃ ያማረ ነው። ማስረጃውስ? የሕክምና ማስረጃ የሚመዝነው የኮክሬን ተቋም በ2017 ያደሰው ግምገማ በመላው ዓለም ፈልጎ ተሳታፊዎቻቸው በዕጣ የተደለደሉ አምስት ሙከራዎችን ብቻ አገኘ፤ የተሳታፊዎቹ ድምር 92 ሰው ነው። አንድ የገጠር ሠርግ ላይ ከአንድ ዳስ ሥር የሚቀመጥ ሰው ነው ይህ። ድምዳሜውም ልከኛ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሕመሙ ከሰው ሠራሽ እንባ ይልቅ ቀለል ሊል ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘም። በዚያው ዓመት የወጣው የዓለም አቀፍ የዓይን ድርቀት ባለሙያዎች መመሪያ ሴረምን ከሕክምናው ደረጃዎች በሦስተኛው ላይ አስቀምጦታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳይሞከሩ ወደዚያ አይኬድም።

እኔ ከዚህ የማነበው ሴረም አይረዳም የሚል አይደለም። ለብዙዎች የሚታደል መድኃኒት አይደለም፤ ለጥቂቶች፣ ቁስላቸው አልሽር ላላቸው፣ ሌላው ሁሉ ለተሞከረላቸው ነው። ጥቂቶቹን ከብዙዎቹ መለየት ግን ከጠብታው የበለጠ ሥራ ነው።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነውና። ከታማሚው ክንድ 50 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ደም ይቀዳል። ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጥና ይረጋል። ከዚያ ሴንትሪፉጅ ውስጥ ገብቶ 15 ደቂቃ ይሽከረከራል። ወደ 20 ሚሊ ሊትር ሴረም ይወጣል፤ ጀርም በማይገባበት ቦታ፣ በጓንት፣ በጨው ውሃ አምስት እጥፍ ይሆናል። 100 ሚሊ ሊትር አገኘን ማለት ነው። በትንንሽ ጠርሙስ ይከፋፈልና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ሳይከፈት እስከ ሦስት ወር ይቆያል። የተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከብርሃን ተሰውሮ ይያዛል፤ ቫይታሚን ኤ ብርሃን አይወድም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ነው። በቀን ስምንት ጊዜ ለሁለት ዓይን 0.8 ሚሊ ሊትር ይሆናል። 100 ሚሊ ሊትሩ አራት ወር ያደርሳል፤ ከሦስት ወር የፍሪዘር ዕድሜው ያልፋል። የጥንቃቄውን መንገድ መርጠን ባለ 3 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ተከፍቶ በዚያው ቀን ማታ ይጣል ካልን ግን 33 ቀን ብቻ ነው፤ ሰውየው በየወሩ ሊቀዳ ነው። ደም የሚበላው በሽታው ሳይሆን የመጣያው ሕግ ነው። መከላከያ ኬሚካል የለሽ ፕሮቲን ደግሞ ለጀርም ግብዣ ስለሆነ ሕጉን ማላላት በሽተኛው ላይ መቀለድ ይሆናል።

ዋግምት ለሚያውቅ አገር ደም መቀዳት አዲስ አይደለም። አዲሱ የወጣውን ደም አለመጣሉ፣ ይልቁንም ጠርቶ ወደ ዓይን መመለሱ ነው። በዚህ ላይ ያለው የሰው ጥርጣሬ በማስረዳት የሚያልፍ ነው። የማያልፈው መብራት ነው። ሴንትሪፉጅ የአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ተራ ዕቃ ነው፣ የጨው ውሃም በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ሳይቋረጥ ሦስት ወር ሙሉ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚይዝ ቅዝቃዜ በገጠር ቤት የለም። ከተማም ቢሆን መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ጠርሙሱ ቀልጦ እንደገና በረዶ ሆኖ ይገኛል፤ በዓይን ሲታይ ምንም የሆነ አይመስልም። ግምጃ ቤት ስሟን ያገኘችው ከዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ይህ ሕክምና የሚፈልገው ደግሞ ቀዝቃዛ ግምጃ ቤት ነው።

ይህን ችግር ለማለፍ እንግሊዝ አገር አንድ ሐሳብ ተነሥቷል። በ2017 የታተመ ጥናት ላይ ታማሚዎች ጣታቸውን በስኳር መለኪያ መርፌ እየወጉ በቀን አራት ጊዜ የደም ጠብታ በቀጥታ ወደ ዓይናቸው እንዲያስገቡ ተደርጎ ብዙዎቹ ለውጥ አሳይተዋል። ሴንትሪፉጅ የለም፣ ፍሪዘር የለም፣ ወጪው መርፌ ብቻ ነው። ለድሃ አገር የተፈጠረ ይመስላል። እኔ ግን ዛሬ ለግምጃ ቤት ገበሬ አልመክረውም። ድንች ሲቆፍር የዋለ፣ ከሰል ሲደፍን ያደረ ጣት ቢታጠብም የሐኪም ጣት አይሆንም። መርፌውም ለአንድ ጊዜ ተብሎ ተሰጥቶ ለቤተሰብ ሊዳረስ ይችላል፤ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ የሚተላለፉት በዚሁ ነው። ኮርኒያው ቁስል ያለበት ሰው ላይ አንድ ቆሻሻ ጠብታ በሳምንት ውስጥ ዓይን ያጠፋል።

ሌላው መንገድ የለጋሽ ሴረም ነው። ሕመምተኛው ደም ያነሰው፣ ሽማግሌ፣ ልብ ሕመምተኛ ወይም ሕፃን ሲሆን ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ይሰጠዋል። የሾግረን ታማሚ የራሱ ሴረም ውስጥ የሚያስቆጡት ንጥረ ነገሮች ይኖራሉና ለእርሱም የሌላው ሊሻል ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት የሚያዘጋጀው የዓይን ክሊኒክ አይደለም፤ ደም የሚሰበስበው ብሔራዊ ተቋም ነው። ትክክልም ነው። ደሙን ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ መመርመር፣ ጠርሙስ ላይ ስም መለጠፍ፣ ቅዝቃዜ መጠበቅ፣ የአንዱ ለሌላው እንዳይሰጥ መቆጣጠር የደም ባንክ የዕለት ሥራ ነው።

እኛም ዘንድ መሠረቱ አለ። የዓይን ብሌን ባንክ ከ2003 ጀምሮ ይሠራል፤ ዛሬ ደሙም ብሌኑም የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት በሚባል አንድ ተቋም ሥር ናቸው። ባሕር ዳር የደም ባንክ አላት፣ ከአዊ ዞን ከተማ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪም ያሠለጥናል። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ይህ ሕክምና በክልላችን መኖር ካለበት መኖር ያለበት እንደዚህ ባሉ ቦታዎች ነው፤ ታማሚው ሦስት ወር የሚበቃውን ይዞ የሚሄድ ሳይሆን፣ ጠርሙሶቹ ባንኩ ፍሪዘር ውስጥ ቆይተው በየሳምንቱ በበረዶ ሣጥን እስከ ወረዳ የሚላኩበት። ክትባት በዚህ መንገድ ገጠር ይደርሳል፤ ጠብታም ይደርሳል።

እስከዚያ ድረስ ግምጃ ቤት ላይ ሆኖ የሚሠራው ብዙ ነው፣ ብዙውም ርካሽ ነው። ከሁሉ በፊት ሽፋሽፍቱ ይታይ። ፀጉር ብሌኑን እየፋቀ ሴረም ማንጠባጠብ እሾህ ሳይነቀል ቅባት መቀባት ነው፤ የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገናውን ደግሞ የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ይሠሩታል። ቀጥሎ በሞቀ ንጹሕ ጨርቅ ዓይን ቆብን ለደቂቃዎች መያዝ፣ ጠርዙን ማጽዳት፤ የታፈነው ቅባት ይለቃል። መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ሰው ሠራሽ እንባ ከተገኘ በቀን ደጋግሞ፣ ለሌሊት ደግሞ ቅባት። እንባ ማፍሰሻ ቀዳዳዋን መዝጋት የሚችል የዓይን ሐኪም ሲገኝ ያለችው ትንሽ እንባ እንዳትፈስ ያደርጋል። ከጭስ መራቅ። እነዚህ ተሞክረው ብሌኑ አሁንም ከቆሰለ፣ ያኔ ስለ ደም አጓት ይነገር።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ይደረግ። ከመድኃኒት መደብር "ለዓይን ማዝ" ተብሎ ያለ ሐኪም የተገዛ፣ ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት ያለበት ጠብታ ቤትዎ ካለ አያንጠባጥቡት። ዓይንዎ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ ብርሃን ካስፈራዎት፣ ወይም እይታዎ በድንገት ከቀነሰ ቅዳሜ ገበያን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን እንጅባራ ሆስፒታል ይሂዱ።